በብስክሌት ላይ ሳሉ መኪና ቢገጭዎት፦ ከአስፋልቱ እስከ ካሳው

ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ተማሪውም፣ የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ገበያተኛውም ብስክሌት ይነዳል። ከከተማዋ ወጥቶ በዳንግላ፣ በእንጅባራ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስና ደጀን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ደግሞ ያው ብስክሌት ከአይሱዙ፣ ከሲኖትራክና ከሚኒባስ ጋር አንድ አስፋልት ይጋራል። እንዴት መንዳት እንደሚገባ ብዙ ተብሏል። እዚህ የምንጽፈው ግጭቱ ከደረሰ በኋላ ስላለው ነው።

አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። ተጎጂን ዕድሜ ልኩን የሚያጎድለው ግጭቱ ብቻ ሳይሆን ከግጭቱ በኋላ ያለው ጥድፊያም ነው። ከሁሉ የከፉት ጥድፊያዎች ሦስት ናቸው፦ የወደቀውን ብድግ አድርጎ ማቆም፣ የተሰበረውን ለወጌሻ መስጠት፣ ጉዳቱ ሳይታወቅ የእርቅ ወረቀት መፈረም።

መጀመሪያ መንገዱን ይዝጉ

ሁለተኛ መኪና መጥቶ የወደቀውን እንዳይደግመው ከሁለቱም አቅጣጫ ቢያንስ 50 እርምጃ ርቀው የሚያስቆሙ ሰዎች ይቁሙ። ቦታው ኩርባ ወይም ቁልቁለት ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ይሁን። ምሽት ከሆነ፣ ወይም በክረምት እንጅባራ አካባቢ እንደሚሆነው ጉም ከወረደ፣ የስልክ መብራት ያውለብልቡ። ቅርንጫፍ ቆርጦ መንገዱ ላይ መጣል ጥሩ ልማድ ነው። ድንጋይ መደርደር ግን ጥሩ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ድንጋዩ እዚያው ይቀርና ሌላ ያስገለብጣል።

የገጨው መኪና ሞተሩ ይጥፋ፣ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ። ተጎጂው ከመኪናው ሥር ከሌለና አደጋ ካላሰጋ መኪናው ካለበት አይንቀሳቀስ።

ከዚያ ይደውሉ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991 ነው። ከከተማ ውጭ አምቡላንስ በአብዛኛው የሚመጣው ከወረዳው ጤና ጣቢያ ስለሆነ፣ ዘወትር በሚነዱበት መንገድ ላይ ያለውን የጤና ጣቢያ ስልክ ዛሬውኑ ይመዝግቡ። ሲደውሉ ከስምዎ በፊት ቦታውን ይናገሩ፦ በየትኛው ከተማና በየትኛው መካከል፣ ቅርብ ያለው ድልድይ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም ነዳጅ ማደያ። ስንት ሰው እንደተጎዳና ራሱን የሳተ ሰው እንዳለም ይጨምሩ።

የወደቁት እርስዎ ከሆኑ

አይነሡ። ሰው እጅዎን ይዞ ሊጎትትዎ ሲመጣ “አትንኩኝ፣ ቆዩ” ይበሉ። ድንጋጤ ሕመምን ስለሚደብቅ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ደህና የሆኑ ይመስልዎታል። ተኝተው ሳሉ የእግርና የእጅ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ። የሚደነዝዝ ወይም የማይታዘዝ ካለ፣ ወይም የአንገትዎ አጥንት መሀሉ ላይ ካመመዎት፣ ራስዎን ሳያዞሩ እዚያው ይቆዩ።

ሁሉም ቢንቀሳቀስ እንኳ ሾፌሩን “ምንም አልሆንኩም፣ ሂድ” አይበሉት። ይሄ ቃል ከጨዋነት የመጣ መሆኑ አይካድም፤ ሌሊት ላይ ሆድ ማበጥ ሲጀምር ግን ሾፌሩ የለም፣ ታርጋውንም ያስታወሰ የለም።

አጠገብ ያሉት እርስዎ ከሆኑ

ቅደም ተከተሉ ትንፋሽ፣ ደም፣ አንገት፣ አጥንት ነው። የሚጮኸው ሰው ቢያንስ ይተነፍሳል፤ ዝም ያለውን አስቀድመው ይዩ።

ራሱን ስቶ የሚተነፍስ ከሆነ፣ ራሱና አንገቱ ከደረቱ ጋር እኩል እንዲዞሩ ይዘው በአንድ ጎኑ ያስተኙት። በጀርባው ሆኖ ካስታወከ ይታነቃል። ሄልሜት ካደረገ አያውልቁት። የሚወልቀው ትንፋሽ ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ያኔም አንዱ አንገቱን ከሥር ደግፎ ይዞ ሌላው ቀስ ብሎ ይስባል።

ደም የሚፈሰውን ቁስል በታጠፈ ነጠላ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ላዩ ላይ ይጫኑ። በሙሉ ክብደት፣ ሳይከፍቱ፣ 10 ደቂቃ ያህል። በየደቂቃው “ቆመ ወይ?” ብሎ ገልጦ ማየት የረጋውን ደም ይነቅለዋል። ጨርቁ ከራሰ ሌላ ይደርቡበት፣ የታችኛውን አያንሡ። የእጅ ወይም የእግር ደም በዚህ ሁሉ ካልቆመና እየተፈናጠረ ከሆነ ብቻ ማሰሪያ ይጠቀሙ፦ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጨርቅ፣ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፤ በእንጨት አዙሮ ደሙ እስኪቆም ማጥበቅ፤ ያሰሩበትን ሰዓት ግንባሩ ላይ ወይም ወረቀት ላይ መጻፍ። ሽቦና ሲባጎ ሥጋና ነርቭ ይቆርጣሉ፣ አይሆኑም። አንዴ ከታሰረ ሐኪም ካልሆነ ማንም አይፍታው።

ቁስል ላይ ቡና፣ አፈር፣ ቅጠል ወይም የጥርስ ሳሙና አይደረግም። ውኃም ሆነ አረቄ አይጠጣም። አረቄው “ድንጋጤ ያበርዳል” ይባላል፤ የሚያደርገው ግን የራስ ጉዳት ምልክቶችን ደብቆ ሐኪሙን ማሳሳት ነው። ውኃም ቢሆን፣ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ሆዱ ባዶ ቢሆን ይሻላል።

ተጎጂው ፊቱ ከገረጣ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካጠመቀው፣ ልቡ በፍጥነት ከመታ፣ ደም በውስጥ እየፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የተሰበረ ጭን ብቻውን ከ1 ሊትር በላይ ደም ሥጋው ውስጥ ሊያፈስ ይችላል፤ ከውጭ ግን እብጠት እንጂ ደም አይታይም። ጋቢ ደርበው ያሙቁትና ማንሣቱን ያፋጥኑ።

ማንሣትና ማጓጓዝ

አራት ሰው ይፈልጋል። አንዱ ሥራው ራስና አንገትን በሁለት እጁ ይዞ ማዘዝ ብቻ ነው፤ ሦስቱ ትከሻ፣ ዳሌና እግር ይይዛሉ። በአንድ ትእዛዝ እንደ ግንድ ሳይታጠፍ ወደ ጎን ይገለብጡትና ቃሬዛውን ከሥሩ አስገብተው ይመልሱታል። የገጠሩ ቃሬዛ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ከሌለ የተነቀለ በር ወይም ሰፊ ጣውላ ይሠራል። ብርድ ልብስ ይዞ በአራት ማእዘን መጎተት ወገብን ያጥፋል።

ባጃጅ ውስጥ አጥፎ ማስቀመጥ አከርካሪው ለተጎዳ ሰው ከሁሉ የከፋ ነው። አምቡላንስ ከሌለ የፒክአፕ ጭነት ቦታ ላይ ከነቃሬዛው አስተኝቶ ቀስ ብሎ መሄድ ይሻላል። የገጨው መኪና ራሱ ካጓጓዘ (ብዙ ጊዜ የሚሆነው ይኸው ነው) አንድ ሰው ታርጋውን ጽፎ፣ ቦታውንም ፎቶ አንሥቶ ይቆይ።

ወዴት ነው የሚኬደው? ትንፋሽና ደም ካስቸገረ ቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፤ ከዚያ በሪፈር ወደ ትልቁ። ባሕር ዳር ውስጥ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ በደቡቡ በኩል ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል አሉ። ራሱን የሳተ ሰው ሲቲ ስካን ስለሚያስፈልገው፣ ከመነሣትዎ በፊት መሣሪያው የሚሠራበትን ሆስፒታል ስልክ ደውለው ያረጋግጡ፤ ሁለት ጊዜ መጓዝ ሰዓት ይበላል።

ዘግይተው የሚመጡ ጉዳቶች

ሆድ፦ የብስክሌቱ መሪ ጫፍ ሆድ ላይ ሲሰካ ቆዳው ላይ ትንሽ ክብ ሰንበር ብቻ ሊተው ይችላል። በውስጥ ግን ጣፊያ፣ ጉበት ወይም አንጀት ሊቀደድ ይችላል። ምልክቱ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ነው የሚታየው፦ ሆድ ይጠነክራል፣ በግራ ትከሻ ላይ ምክንያት የሌለው ሕመም ይሰማል፣ ሲነሡ ያዞራል። መሪው ሆድዎን እንደመታዎት ለሐኪሙ ሳይጠየቁ ይንገሩ፤ “ከሳይክል ወደቅኩ” ማለት ብቻ አይበቃም።

ራስ፦ ለመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ብቻዎን አይደሩ። ትውከት ከተደጋገመ፣ ራስ ምታት ከባሰ፣ ንግግር ከተምታታ፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከጆሮ ወይም ከአፍንጫ ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም ሰውየው ተቀስቅሶ መንቃት ካቃተው በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው።

የእጅ አንጓ፦ ሲወድቁ መዳፍ መዘርጋት የተለመደ ነው። ከአውራ ጣት ሥር ያለችው ጎድጓዳ ቦታ ሲነኳት ካመመች፣ የመጀመሪያው ራጅ “ደህና ነው” ቢል እንኳ እጅዎ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን በኋላ ራጅ ይደገም። እዚያ ያለው ትንሽ አጥንት ሲሰነጠቅ በመጀመሪያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ከተተወም ደም አጥቶ ሊሞትና አንጓውን ሊያደርቀው ይችላል።

የተፋቀ ቆዳ፦ ቀላል ቢመስልም ጠጠርና አቧራ በመጀመሪያው ቀን ካልወጣ ቆዳው ሥር ተቀብሮ ጥቁር ምልክት ይተዋል። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ አብዝተው ይጠቡ፣ የቀረውን በለስላሳ ጨርቅ ወይም ብሩሽ ያውጡ፣ ቫዝሊን ቀብተው በንጹሕ ፋሻ ይሸፍኑ። ጋሪና ከብት በሚሄድበት መንገድ ላይ ፋንድያ አይጠፋም፤ ስለዚህ የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ክትባትዎ መቼ እንደነበር ካላስታወሱ ጤና ጣቢያው እንዲወጋዎት ይጠይቁ።

ለሕመም ለአዋቂ ሰው ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳያልፍ፤ የጉበት ሕመም ካለብዎ ሐኪም ሳያማክሩ አይሁን። ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገኙት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን መድማትን ስለሚያብሱ ራስዎ ወይም ሆድዎ ተመርምሮ እስኪጣራ ይቆዩ።

አጥንትና ወጌሻ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ጎጃም ውስጥ ብዙ ጉዳት የሚባባሰው በዚህ ነውና።

የተሰበረውን እንዳለበት አቅጣጫ ይደግፉት፣ ለማቃናት አይሞክሩ። ድጋፉ ከስብራቱ በላይና በታች ያሉትን መገጣጠሚያዎች ማለፍ አለበት፤ የቅልጥም ስብራት ከሆነ ከጭን መሀል እስከ ተረከዝ ማለት ነው። በእንጨቱና በቆዳው መካከል ጨርቅ ይግባ። ካሰሩ በኋላ የጣቶቹን ጥፍር ጫን ብለው ይልቀቁ፤ ሮዝ ቀለሙ በ2 ሰከንድ ያህል ካልተመለሰ ማሰሪያው ጠብቋል፣ ያላሉት። አጥንት ቆዳ ቀዶ ከወጣ ወደ ውስጥ አይግፉት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍነው በተቻለ ፍጥነት ይውሰዱት። እንዲህ ያለ ስብራት አንቲባዮቲክ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ማግኘት አለበት።

ወጌሻው ምን ያጠፋል? ብዙዎቹ ልምድ ያላቸው፣ በአካባቢያቸው የተከበሩ ሰዎች ናቸው፤ ወለምታ ያሻሉ። ችግሩ ቀርከሃውን በትኩስ ስብራት ላይ ጥብቅ አድርጎ ማሰሩ ነው። አዲስ ስብራት በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ያብጣል። ማሰሪያው ስለማይለጠጥ እብጠቱ ወደ ውስጥ ይጫናል፣ የደም ሥሮቹ ይታፈናሉ፣ ሥጋው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራል። ሕመምተኛው ሲጮህ “እየተጠገነ ነው፣ ቻለው” ይባላል። ሕመሙ ጠፍቶ ጣቱ ሲጠቁር ቤተሰቡ ዳነ ብሎ ያስባል፤ ያ የነርቩ መሞት ነው፣ ወደ ሆስፒታል ሲደርስም የሚቀረው መቁረጥ ይሆናል።

የሆስፒታል ጀሶም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ከተጠበቀው በላይ የሚብስ ሕመም፣ ጣትን ሌላ ሰው ቀጥ ሲያደርገው የሚያስጮህ ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም መቀዝቀዝ ከመጣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይመለሱ። እግርዎን ከልብዎ ከፍታ ብዙ ሳያርቁ ትራስ ላይ ያሳርፉ። ቤተሰብ በወጌሻ ላይ ቢያስቸግር ክርክሩን በቀላሉ ለመፍታት “መጀመሪያ ራጅ እንነሣ፣ ከዚያ እንነጋገር” ይበሏቸው። ራጁን ካዩ በኋላ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ይስማማሉ።

ማስረጃ፦ ስልክዎና ወረቀትዎ

ሰው ከሞት ከተጠበቀ በኋላ ወደዚህ ይለፉ። ፎቶ ከሩቅ ወደ ቅርብ ይነሣ፦ ከአራቱም አቅጣጫ ከ20 እስከ 30 እርምጃ ርቀው፣ ከዚያ የመኪናውን ታርጋ (የኮድ ቁጥሩ፣ “አማ” የሚለው የክልል ፊደልና ቁጥሩ ሁሉም እንዲነበብ)፣ የፊት መስታወት ላይ የተለጠፈውን የሦስተኛ ወገን መድን ስቲከር፣ የፍሬን ምልክቱን፣ የብስክሌቱንና የመኪናውን የተጫጫረ ቦታ። ትንንሽ ምልክቶች አጠገብ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም ያስቀምጡ፣ መጠኑ እንዲታይ።

ምስክር ሲይዙ “ሁሉም አይቷል” አይበቃም። ሙሉ ስም ከነአያት፣ ስልክ፣ ቀበሌ፣ የት ቆሞ እንዳየ። መንገድ ዳር ቡና የምታፈላው ሴት ከተሳፋሪው የተሻለ ምስክር ናት፤ ተሳፋሪው ነገ የት እንደሚሆን አይታወቅም፣ እሷ ግን በቦታዋ ትገኛለች።

ትራፊክ ፖሊስ ሲመጣ የአደጋውን ፕላን ይነሣል፤ የመኪናውንና የብስክሌቱን ቦታ፣ የመንገዱን ስፋት፣ የፍሬን ምልክቱን ርዝመት ይለካል። እርስዎ ሆስፒታል ከሆኑ ቤተሰብ ወይም ጓደኛ አብሮ ይቁም። ትራፊክ ፖሊስ ካልተገኘ ወይም መንገዱ ተዘግቶ ካልደረሰ፣ ቅርብ ባለው ፖሊስ ጣቢያ በዚያው ቀን ያስመዝግቡና የመዝገብ ቁጥሩን ይያዙ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸነፍበትን ነገር እንንገርዎ። የፖሊስ ሪፖርት በአማርኛ፣ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርና በእኛ ሰዓት ይጻፋል። የሆስፒታል ካርድ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ይሞላል። ከቀኑ 8 ሰዓት የደረሰ አደጋ በካርዱ ላይ “2” ተብሎ ሲገባ፣ ወይም የአያትዎ ስም ሲዘለል፣ የመድን ድርጅቱ “ይህ ሌላ ሰው ነው፣ ሌላ አደጋ ነው” የማለት በር ያገኛል። ካርድ ሲወጣ ስምዎ እንደ መታወቂያዎ መጻፉን፣ የአደጋው ምክንያት “በተሽከርካሪ የተገጨ ብስክሌተኛ” ተብሎ መመዝገቡን ይዩ። የሕክምና ማስረጃ ለሕግ የሚውለው ፖሊስ በደብዳቤ ሲጠይቅ ነውና ደብዳቤውን ከመርማሪው ይከታተሉ።

ሁሉንም ደረሰኝ ያስቀምጡ፦ መድኃኒት፣ ራጅ፣ ትራንስፖርት፣ የአስታማሚ ማደሪያ። ከሥራ የቀሩባቸውን ቀናት ይመዝግቡ። ደመወዝተኛ ከሆኑ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይበቃል። ገበሬ ከሆኑና ጤፍ ለማሳጨድ የቀን ሠራተኛ ከቀጠሩ፣ የከፈሉትን ጽፈው ሠራተኞቹን ያስፈርሙ፤ ይህም ጉዳት ነው።

ማን ይከፍላል

የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ ይህ መድን ሳይኖረው መንገድ ላይ እንዳይወጣ ያስገድዳል። ብስክሌተኛ ሦስተኛ ወገን ነው። ለአስቸኳይ ሕክምና፣ ለአካል ጉዳት፣ ለሞትና ለንብረት የተለያየ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው በየጊዜው ስለሚሻሻል በሥራ ላይ ያለውን ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ይጠይቁ። የአስቸኳይ ሕክምና ክፍያን ሆስፒታሉ ከመድኑ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ “ገንዘብ ካላስያዝክ አንነካም” ከተባሉ አዋጁን በስም ይጥሩ።

ገጭቶ ያመለጠ፣ ወይም መድን የሌለው መኪና ከሆነስ? ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ፤ በመንገድ ደህንነትና መድን ፈንድ አገልግሎት በኩል ይጠየቃል። የፖሊስ ማስረጃ ከሌለ ግን ፋይሉ አይከፈትም። ባለመኪናው አምልጧል ብሎ ወደ ፖሊስ አለመሄድ ገንዘቡን መተው ነው።

መድኑ ከጉዳቱ ካነሰ ቀሪው ከባለቤቱ ይጠየቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ የሾፌሩን ጥፋት ማስረዳት አይጠበቅብዎትም። ነገር ግን የእርስዎም ጥፋት ካለበት ካሳው ሊቀነስ ወይም ሊቀር ይችላል፤ ያለ መብራት በጨለማ መንዳት፣ በተቃራኒ መስመር መሄድ የሚነሡት እዚህ ላይ ነው። የካሳ ክስ በአንቀጽ 2143 በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። የሾፌሩ የወንጀል ጉዳይ ራሱን ችሎ በዐቃቤ ሕግ በኩል ይሄዳል፤ በቸልተኝነት አካል ማጉደል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 559 ሥር ነው።

ቋሚ ጉዳት ካለ በመቶኛ የሚወስነው የሕክምና ቦርድ ነው። ጀሶ ሳይፈታ ቦርድ ፊት አይቅረቡ፤ መገጣጠሚያው ምን ያህል እንደሚታጠፍ የሚታወቀው ሕክምናው ሲያልቅ ነው።

ሽማግሌ ሲመጣ

ይመጣል። ብዙ ጊዜ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ፍራፍሬ ይዞ፣ “ልጁ ድሃ ነው፣ መኪናውም የሰው ነው፣ ለእግዚአብሔር ብላችሁ” እያለ። ማሳፈር አያስፈልግም፤ ይቀመጡ፣ ይደመጡ። ይቅርታን ማድረግ ይችላሉ። ካሳውን ግን ከይቅርታው ይለዩ። እንዲህ ይበሉ፦ “አባቶቼ፣ ቂም የለኝም። ስለ ገንዘቡ ሐኪሙ ጨርሷል ሲለኝ እንነጋገራለን።”

ለአስቸኳይ መድኃኒት ገንዘብ ከሰጡ ተቀብለው “ለሕክምና በከፊል የተሰጠ፣ ብር ይህን ያህል፣ ቀን” የሚል ወረቀት ይፈራረሙ። “ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም” የሚል ዓረፍተ ነገር ካለበት ያስወጡት፤ ካልወጣ አይፈርሙ። እንዲህ ያለ ወረቀት ከመድን ድርጅቱም ከፍርድ ቤቱም ፊት በእርስዎ ላይ ይቀርባል። ሁሉም ታውቆ በመጨረሻ በእርቅ ከዘጉ፣ ውሉ የወደፊት ቀዶ ሕክምናን (ለምሳሌ እግር ውስጥ የገባ ብረት ማስወጣትን) ማን እንደሚከፍል በስም ይጥቀስ።

ብስክሌቱ

ጉዳዩ እስኪያልቅ አያስጠግኑት፣ አያጥቡትም፤ ኤግዚቢት ነው። ፖሊስ ከያዘው የያዘበትን ወረቀት ይቀበሉ፤ እርስዎ ጋ ካለ በጆንያ ሸፍነው ያኑሩት። የጥገና ዋጋ ግምት ግን ወዲያው ከሠራተኛ በጽሑፍ ማስወጣት ይቻላል።

ሲለቀቅ ከመንዳትዎ በፊት የፊት ጎማውን የሚይዘውን ሹካ ከጎን ይዩ፤ ወደ ኋላ ከታጠፈ አቃንቶ መንዳት አያዋጣም፣ የተቃና ብረት በብየዳው አካባቢ ይሰነጠቃልና ይቀየር። ከመሪው ሥር ባለው የፍሬሙ መገናኛ ላይ የቀለም መሸብሸብ ካለ ፍሬሙ ታጥፏል። ቸርኬው ሲሽከረከር ፍሬን ጎማውን ባንድ በኩል ከነካ ራጂዎቹ (የቸርኬው ቀጫጭን ሽቦዎች) ይወጠራሉ፤ የተሰነጠቀ ቸርኬ ግን ይጣላል። ሄልሜትዎ በአደጋው ከተመታ፣ ከውጭ ጭረት ባይታይበትም፣ የውስጡ ነጭ ፎም ስለተጨፈለቀ ሁለተኛ ጊዜ አያድንም። ለልጅ አያውርሱት።